ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለሚሆን ቀላል የፍቅር ልብ ወለድ

ለወጣት ተማሪዎች የሚጻፍ ቀላል የፍቅር ልብ ወለድ በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ አይከበርም፤ ከጥናት ያዘናጋል፣ ምግባርንም ያላላል ተብሎ ይነቀፋል። ነቀፋው ጨርሶ መሠረተ ቢስ ባይሆንም፣ ከተማሪው መደርደሪያ ላይ የጎደለውን እንዳናይ ያደርገናል።

በአማርኛ ፈገግታ ያለው የወጣቶች ፍቅር ታሪክ ጥቂት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅርን ከትምህርት ያስነሣል፤ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ይወዳታል። ፍጻሜው ግን እንደ ርእሱ መቃብር ነው። መጽሐፉ የዘርንና የማዕርግን አጥር በመንቀፍ ረገድ ታላቅ ነው፤ ሆኖም እርሱን ብቻ ያነበበ ተማሪ ፍቅርን ከመከራ ለይቶ ማየት ያዳግተዋል። ከዚህም ሌላ፣ የመምህርና የተማሪ ፍቅር በዛሬው ክፍል ውስጥ በአርአያነት ሊቀርብ አይገባም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ግን ጨዋታን አልናቀም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ ወንድ መስላ የምትጓዘውን ልጅ ሌላ ልጃገረድ ትወዳታለች፤ ውሉ የሚፈታውም በሠርግ ነው። ጦቢያና ወንድሟ ዋህድ መንታ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 በአሜሪካ መታተም የጀመረው «ስዊት ቫሊ ሃይ» የተባለው ተከታታይ ድርሰትም በመንታ እህትማማቾች ላይ የቆመ ነው። ብልሃቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ባለመኪናው የተማሪ ኑሮ ነው።

ከገጠር መጥታ በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይታ ለምትማር ልጅ የራሷ ዓለም በቂ ነው፤ ከቤት የሚመጣው ስንቅ፣ ለሁለት የሚነበበው መጽሐፍ፣ በር በጊዜ የሚዘጉት አከራይ፣ የፈተናው ሰሞን። ከዚህ ውስጥ ሣቅም ፍቅርም ይወጣል።

ጉዳዩ ግን ከሣቅ በላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራልና የ1995ቱ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕጎች ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረጉት። ሕጉ ቢለወጥም፣ ሳትጠየቅ የምትዳርና ትምህርቷን የምታቋርጥ ልጅ አሁንም አለች። መጠየቅ፣ እሺ ወይም እምቢ ማለት፣ እምቢታንም ያለ ቂም መቀበል ምን እንደሚመስል ሕግ አያሳይም፤ ልብ ወለድ ግን ያሳያል።

ስለሆነም መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ሦስት ነገሮችን ይመርምር፤ የልጅቱ እምቢታ ይሰማልን? ችክ ማለት ይሸለማልን? ትምህርቷስ እስከ መጨረሻው ገጽ ይቀጥላልን? የቤተ መጻሕፍት በጀት የሚያወጣውም ዕቅድ አውጪ ከማጣቀሻ መጻሕፍት ጎን ለእንዲህ ያለው ድርሰት ቦታ ይተው። በፈገግታ የተነበበ መጽሐፍ ለከባዱ መጽሐፍ አንባቢ ያፈራልና።