ኦንዳንሴትሮንና የልብ ምት፦ ማስጠንቀቂያው የትኛውን ሕመምተኛ አሰበ?

ኦንዳንሴትሮን የሴሮቶኒን ተቀባዮችን በማገድ ትውከትን የሚገታ፣ በየድንገተኛ ክፍሉ የተለመደ መድኃኒት ነው። በልብ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ግን በሌላ መንገድ ነው። ፖታሲየም ከልብ ሕዋሳት የሚወጣበትን በር በከፊል ስለሚዘጋ፣ ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለቀጣዩ የሚሰናዳበት ጊዜ ይራዘማል። ይህም በኢሲጂ ላይ የኪውቲ መርዘም ሆኖ ይታያል፤ አልፎ አልፎም ቶርሳድ ደ ፖይንት ለተባለው አደገኛ የምት መዛባት ይዳርጋል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በደም ሥር በአንድ ጊዜ የተሰጠ 32 ሚሊ ግራም ኪውቲን በ20 ሚሊ ሰከንድ፣ 8 ሚሊ ግራም ደግሞ በ6 ሚሊ ሰከንድ እንዳራዘመ ገልጾ፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ16 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ አሳስቧል። ምክሩ ተገቢ ነው። ስሕተቱ ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ «መጠኑ ትንሽ ነውና አያሠጋም» ብሎ መደምደም ነው። ጥናቱ የተካሄደው በ58 ጤነኛ ጎልማሶች ላይ ነው፤ ለማነጻጸሪያ የተመረጠውም ኪውቲን በማራዘም የታወቀው ሞክሲፍሎክሳሲን ነበር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ግን ይኸው ሞክሲፍሎክሳሲን ከቤዳኪሊን ጋር በየቀኑ ይሰጣል። ሁለቱም ኪውቲን ያራዝማሉ፤ ሕመምተኛው ሲያስመልሰው ኦንዳንሴትሮን ሦስተኛ ሆኖ ይታከላል።

በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ካሉት የወላይታ ቆላማ ቀበሌዎች እያስመለሰው የሚመጣ ሕመምተኛም ከእነዚያ 58 ሰዎች ጋር አይመሳሰልም። ለቫይቫክስ ወባ ክሎሮኪን ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ክሎሮኪንም ኪውቲን ያራዝማል፣ ለሳምንታትም በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ተቅማጥና የምግብ እጥረት ፖታሲየሙን አሟጥጠውት ይሆናል።

ማስጠንቀቂያው ለእንዲህ ያለው ሰው የኢሲጂ ክትትልን ይመክራል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ምክሩ ከወረቀት አያልፍም፤ ስለዚህ በጥያቄ መታገዝ አለበት። ሕመምተኛው ድንገት ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ሳይታሰብ የሞተ አለ? የልብ ሕመም አለበት? ባለፉት ሳምንታት ምን መድኃኒት ወሰደ? ተቅማጡ ስንት ቀን ቆየ? ከመልሶቹ አንዱ የሚያሠጋ ከሆነ መርፌ ለመውጋት ከመቸኮል ይልቅ ፖታሲየም ያለበትን ኦ.አር.ኤስ. ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፣ ካልበቃም ኢሲጂ ወዳለበት የሶዶ ሆስፒታል መላክ ይሻላል። በክሎርፕሮማዚን መተካት መፍትሔ አይሆንም፤ እርሱም ኪውቲን ያራዝማል።

ፍርሃቱም ወሰን ይኑረው። ተቅማጥና ትውከት ለያዘው፣ ሌላ ስጋት ለሌለበት ልጅ በአፍ የሚሰጥ አንድ መጠን ኦ.አር.ኤስ. እንዲረጋለት ይረዳል፤ በደም ሥር ፈሳሽ የመፈለጉንም ዕድል ይቀንሳል። ይህን ጥቅም ያለ ምክንያት መንፈግም ሕመምተኛውን መጉዳት ነው።