«አይሆንም» ማለት የሚችል ሙከራ

ከዕፅዋት የተገኘ የፌኖል ውሕድ ወስዶ፣ አንዱን ክፍሉን በላቦራቶሪ ቀይሮ፣ ባክቴሪያ ወይም የካንሰር ሕዋስ ላይ መሞከር በኬሚስትሪ ምርምር የተለመደ መንገድ ነው። አብዛኛው አንባቢ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው የመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይ ነው፦ ምን ያህሉን ገደለ፣ ስንት በመቶ አገደ። እኔ ግን ሥራው ገና ሠንጠረዡ ጋ ሳይደረስ ይመዘናል ባይ ነኝ። ያ የውሕዱ ክፍል ለምን ተቀየረ? ሙከራውስ የተመራማሪው ግምት ስሕተት ቢሆን ኖሮ «አይሆንም» ሊለው ይችል ነበር?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከፍሎሪዚን የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በ1835 ከፖም ዛፍ ልጥ የተለየው ይህ ውሕድ ኩላሊት ስኳርን ወደ ደም እንዳይመልስ ያግዳል፤ ስኳሩ በሽንት ይወጣል። ለስኳር ሕመም የሚበጅ ይመስላል፤ ነገር ግን በአፍ ሲወሰድ፣ በውስጡ ያለውን ግሉኮስ ከፌኖሉ ክፍል ጋር ያያያዘችውን ኦክስጅን የአንጀት ኤንዛይም ይቆርጣታል። በዚያ ላይ የኩላሊቱን ብቻ ሳይሆን የአንጀቱንም የግሉኮስ አጓጓዥ ያግዳል። በኋላ ኬሚስቶች ኦክስጅኗን አውጥተው ግሉኮሱን በቀጥታ ከካርቦን ጋር አያያዙት፤ ኤንዛይሙ የሚቆርጠው አጣ። የቀረውንም ክፍል የኩላሊቱን አጓጓዥ ለይቶ እንዲያግድ አድርገው ቀረጹት። ዳፓግሊፍሎዚን የዚህ ሥራ ፍሬ ነው፤ በ2012 በአውሮፓ፣ በ2014 በአሜሪካ ተፈቀደ። እያንዳንዱ ለውጥ ለታወቀ ድክመት የተሰጠ መልስ ነበር። እዚህ ሜታይል፣ እዚያ ክሎሪን እየጨመረ ሃያ ውሕድ የሚደረድር ሥራ ግን፣ ምክንያቱን ካልነገረን፣ ድካሙ ቢበዛም ጥያቄ አልጠየቀም።

«አስፕሪን እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ አይደል የተሠራው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 ሲሠራው፣ ጆን ቬን አሠራሩን እስኪያሳይ ገና ከሰባ ዓመት በላይ ይቀር ነበር። ሆኖም የለውጡ ዓላማ የታወቀ ነበር፦ የአስፕሪን መነሻ የሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ ሆድ ያቃጥላል፣ ይህን ማለዘብ ተፈለገ። ደግሞም ያንኑ ውሕድ ኬሚስቱ ዤራር በ1853 ሠርቶት ነበር፤ የእሱ ግን ያልጠራ ነበር። ጥራት እንደ ትንሽ ነገር የሚታየው በስሕተት ነው። ከአዲሱ ውሕድ መቶ እጥፍ የሚበረታ መነሻ ውሕድ አንድ በመቶ ብቻ ተደባልቆ ቢቀር፣ የታየው ኃይል የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የኤንኤምአርና የማስ ስፔክትሮሜትሪ ውጤት ማንነቱን፣ ኤችፒኤልሲ ደግሞ ጥራቱን ካላሳዩኝ ሠንጠረዡን አላምንም።

ወደ ሙከራው ስንመጣ ወጥመዱ ይበዛል። ዲፒፒኤች የተባለውን፣ ሲሟሟ ወይን ጠጅ ቀለም የሚሰጠውን ውሕድ እንውሰድ፤ ጸረ-ኦክሲደንት ሲነካው ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ፌኖል ይህን የሚያደርገው በኦኤች ቡድኑ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን በመስጠት ነው። እንግዲህ ኦኤቹን በአሲታይል የዘጋ ሰው ውጤቱ እንዲቀንስ መጠበቅ አለበት። ጨመረ ካለ፣ አሲታይሉ ተመልሶ ወልቆ ወይም መነሻው አብሮ ቀርቶ እንደሆነ አስቀድሞ ይመርምር። ሌላው ወጥመድ ሕዋስ ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ነው፦ እንደ ጋሊክ አሲድ ያሉ ፌኖሎች እዚያው ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫሉ። ሕዋሱን የገደለው ፐሮክሳይዱ ሆኖ ሳለ ውሕዱ «ጸረ-ካንሰር» ተብሎ ይመዘገባል። ፐሮክሳይድን የሚሰብረውን ካታሌዝ ጨምሮ ሙከራውን የደገመ ተመራማሪ «አይሆንም» ለሚለው መልስ በሩን ከፍቷል። ጤነኛ ሕዋስንም አብሮ የፈተነ እንዲሁ፤ ሁሉንም የሚገድል ነገር መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ላጠረው ላቦራቶሪ ጭካኔ ነው የሚለው ቅሬታ በከፊል ያስኬዳል፤ ኤንኤምአር ውድ ነው። ብዙው ጥንቃቄ ግን ከገንዘብ ይልቅ ሐሳብ ነው የሚጠይቀው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ያለውን ታይሞል ውሰዱ። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 150 ነው፤ አሲታይል ሲጨመርበት 192 ይሆናል። ሁለቱ በእኩል ሚሊግራም ቢወዳደሩ የታይሞሉ ሞለኪውሎች ከሩብ በላይ ይበልጣሉ፤ ውድድሩ ከመነሻው ተዛብቷል። በሞል ማስላት ወጪ የለውም። መነሻውን ውሕድ፣ የታወቀ መድኃኒትና ማሟሚያውን ብቻ ጎን ለጎን መፈተንም የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ውሕዱ ዒላማው ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር የሚያሰላው ዶኪንግ ግን ለእነዚህ ምትክ አይሆንም፤ የሚሰጠው ቁጥር ግምት ነው።

እንዲህ ያለ የምርምር ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ውጤት ያላሳዩትን ውሕዶች ፈልጉ። ከተሠሩት ውስጥ አንዱም ከመነሻው ያነሰ ካልተገኘ፣ ወይም ያነሰው ለምን እንዳነሰ ካልተብራራ፣ ሌላ ላቦራቶሪ እስኪደግመው ድረስ አትቀበሉት።