«በ3 ቀናት ውስጥ»፦ ኮምፒዩተር ስለ ጊዜ የሚናገረው አማርኛ

በድረ ገጽ ላይ አንድ መልእክት መቼ እንደ ተጻፈ ሲገለጽ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑ አይጻፍም፤ «ከ3 ቀናት በፊት»፣ «ትናንት» እየተባለ ከአሁኑ ሰዓት ጋር ተነጻጽሮ ይነገራል። ቀድሞ ይህን ሥራ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ በገዛ እጁ ይሠራው ነበር። ከ2018 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግን ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ «ኢንትል ሪላቲቭ ታይም ፎርማት» የተባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ተራ በተራ ተቀበሉ። መሣሪያው ቃላቱን የሚያገኘው ሲኤልዲአር ከሚባለው የዩኒኮድ የቋንቋዎች መዝገብ ነው። ለአማርኛ ምን ያህል ይበቃል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ የሚመሰገን ሥራ መሆኑን መካድ አይገባም። መስኮብኛ ከ1፣ ከ2 እና ከ5 ጋር «ቀን» የሚለውን ቃል በሦስት ልዩ ልዩ መልክ ይጽፋል፤ ለዐረብኛ ደግሞ መዝገቡ ስድስት የቍጥር ክፍሎችን ይለያል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ለአማርኛም ቢሆን «ከነገ ወዲያ» የሚለው አነጋገራችን አልተረሳም።

ነቀፌታዬ የሚጀምረው ስለሚመጣው ጊዜ ሲነገር ነው። መዝገቡ «በ3 ቀናት ውስጥ» ይላል። በእኛ ቋንቋ ይህ አነጋገር የጊዜ ገደብን ያመለክታል፤ ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል። ለማለት የተፈለገው ግን «ከ3 ቀን በኋላ» ነው። ነገሩ ከዐውዱ ይገባል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን «የሕክምና ቀጠሮዎ፦ በ3 ቀናት ውስጥ» የሚል ጽሑፍ የደረሰው የገጠር ሰው በማግሥቱ ቢመጣ፣ ያነበበውን በትክክል ተረድቶ ነው የሚንገላታው።

ሁለተኛው ችግር መሣሪያው ራሱ ቀን አለመቍጠሩ ነው። ቍጥሩንና መለኪያውን የሚሰጠው ፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ሰኞ ማታ በ3 ሰዓት የተጻፈ መልእክት ማክሰኞ ጧት በ2 ሰዓት ቢነበብ በመካከሉ ያለው 11 ሰዓት ብቻ ነው። ጸሐፊው ሙሉ 24 ሰዓት ካልሞላ ቀን አይቈጠርም ካለ፣ ኮምፒዩተሩ የሰኞውን መልእክት «ዛሬ» ይለዋል።

ሦስተኛው የዓመት ነገር ነው። በሐምሌ የተጻፈ ነገር በጥቅምት ሲነበብ ለእኛ የአምና ነው፤ መስከረም በመካከሉ አልፏልና። የአውሮፓን ዓመት ብቻ የሚቀንስ ፕሮግራም ግን «በዚህ ዓመት» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው አቆጣጠር እውነት ተናግረዋል፤ አንባቢው ግን ተሳስቷል።

እንግዲህ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ስሕተት የመዝገቡ ነው፤ መዝገቡም የእርማት ሐሳብ ይቀበላል። የቀሩት ሁለቱ ግን የእኛ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ናቸው። እስኪታረሙ ድረስ ቀጠሮና የመጨረሻ ቀን በሚነገርበት ቦታ ሁሉ፣ ከንጽጽሩ ጎን ቀኑና ወሩ በሙሉ ይጻፍ። አማርኛ የሚያውቁ ተማሪዎችም መዝገቡን እየመረመሩ እርማት ቢልኩ፣ ስለ ቋንቋችን እድገት ከምናደርገው ክርክር ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይመስለኛል።