የዳኛ ዕጣ

ፍኖተ ሰላም ላይ ዕቁብ ስመራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አብዝቼ የተከራከርኩት ዕጣው ለማን ወጣ በሚለው አይደለም፤ ለዳኛው ስንት ይከፈል በሚለው ነው። ሰው ዕድሉን ይቀበላል። ክፍያውን ግን ቁጭ ብሎ ያሰላል፤ ማስላቱም ደግ ነው። ዕቁብ ላይ አንዱ የሌላውን አይወስድም፣ ሁሉም የጣለውን ይበላል። ከመካከል ወጥቶ የማይመለስ ብር ቢኖር የዳኛው ብቻ ነው።

ሥራውን የተረከብኩት ከቆየ ልማድ ጋር ነበር፤ ዳኛው ሳይጥል አንድ ዕጣ ይበላል። ሲሰሙት ቀላል ነገር ነው። አርባ የጉሊት ሴቶች በቀን 50 ብር ይጥላሉ እንበል። አንዱ ዕጣ 2,000 ብር ነው። የእኔ ሲጨመርበት ዙሩ 41 ቀን ይሆንና እያንዳንዷ 2,050 ብር ጥላ 2,000 ትበላለች። እኔም 41 ቀን ሙሉ በጭቃም በፀሐይም ከጉሊት ጉሊት ዞሬ የማገኘው በቀን 49 ብር አይሞላም።

ያንኑ ልማድ ወደ ቡሬ ወስጄ በበቆሎና በበርበሬ ነጋዴዎች ላይ ላድርገው። ሃያ ሰው በወር 50,000 ብር ቢጥል አንዱ ዕጣ አንድ ሚሊዮን ነው። በወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሃያ አንድ ጊዜ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ሚሊዮን ብር እበላለሁ ማለት ነው! ከሚጥሉት ከእያንዳንዱ መቶ ብር ላይ ከጉሊቷ ወደ ሁለት ብር ተኩል፣ ከነጋዴው ወደ አምስት ብር ይሄዳል። ልማዱ አንድ ነው፤ ከታች ዳኛውን ያስርበዋል፣ ከላይ ዕቁብተኛውን ይገፋል።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ከጉሊቶቹ አንዷ፣ በርበሬ ሻጭ ናት። ዕጣዋ ወጥቶ ብሩን ቆጥሬ ስሰጣት ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ፣ ያቺ ሃምሳ የት ሄደች?»

«እቱ፣ የዳኛ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ የዳኛ መሆኗን። የአንድ ቀን በርበሬዬ ናት እኮ።»

ቅሬታ አልነበራትም፣ ብቻ ሒሳቡን ነገረችኝ። ማታ ደብተሬን ገልጬ ብዙ ቆየሁ።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ነው የሚኖረው፤ በካዚኖ ካርታ አዳይ ነው። ቁማሩን አልወድለትም፣ ግን ሥራውን ሲያጫውተኝ ጆሮዬን ሰጠሁት። ፖከር በሚባለው ጨዋታ ቤቱ ራሱ አይጫወትም፤ ጠረጴዛ፣ ካርታና አዳይ አቅርቦ ከተጫዋቾቹ ይከፈለዋል። ትንሽ ብር በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ከተሰበሰበው ብር ከመቶ ይህን ያህል ይቆርጣል፣ ቁራጩ ግን ጣሪያ አለው። ብዙ ብር በሚጫወቱበት ላይ ከመቶ መቁረጡን ብዙ ጊዜ ይተውና በየግማሽ ሰዓቱ የወንበር ያስከፍላል፤ የአዳዩ ድካም በብሩ ብዛት አይጨምርምና። በብዙ ቤቶች ደግሞ የጋራው ካርታ ሳይገለጥ ጨዋታው ከተበተነ ምንም አይወሰድም። ጣሪያ ቢኖርም ከድርሻው አንጻር ሲታይ አብዝቶ የሚከፍለው ትንሹ ተጫዋች ነው። ይህን ስሰማ የበርበሬ ሻጯ ፊት መጣብኝ።

ዕቁባቸውን ከምመራላቸው ከቡሬ ነጋዴዎች በየስብሰባው የተቆረጠ አበል ጠየቅሁ፤ ለዳኛ ይህን ያህል፣ ለጸሐፊ ይህን ያህል፣ ዕጣው ቢያድግም ባያድግም። ለጉሊቶቹ ድካሜን ቀነስኩ። በየቀኑ መዞሬን ትቼ በየረድፉ አንዷ ትሰበስባለች፣ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን እቀበላለሁ። የእኔም ድርሻ በግማሽ ወረደ፤ ከሃምሳው ሃያ አምስቱ ቀረ። ክረምት ላይ ዝናቡ ገበያ ያስፈታበት ቀን አይቆጠርም።

በትልቁ ዕቁብ ዳኛው የሚከፈለው ለመቀመጡ ብቻ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ዋናው ሸክም የበላው ሰው ነው። ያልበላ ይጥላል፣ ዕጣውን ይጠብቃልና። የበላ ግን እግሩ ይከብዳል። አንድ ዘመን ሦስተኛው ዕጣ የወጣለት ሰው ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። ከዋሱ ጋር እየተካፈልን የቀረውን ዙር ሁሉ ጣልንለት፤ በዚያ ዓመት የሸጥኳትን ላም ዛሬም አስታውሳታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከነጋዴዎቹ በየወሩ ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ አለ። እርሱ የእኔ አይደለም። ዙሩ በሰላም ካለቀ ለየባለቤቱ ይመለሳል። አበልና መጠባበቂያ በአንድ ስም ከተጠሩ ዳኛው ሁለቱንም ይበላልና በደንባችን ለየብቻ ጽፈናቸዋል።

አንዳንዱ ዳኛ «እኔ ምንም አልወስድም፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ብቻ ስጡኝ» ይላል። እርሱም እንደ ሌላው ይጥላል፤ ስለዚህ በነጻ የሠራ ይመስላል። እኔም ከብዙ ጊዜ በፊት እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ፣ ደግ የሠራሁም መስሎኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት የበላ ነጋዴ ዕቃውን በድሮው ዋጋ አስገብቷል። መጨረሻ የደረሰው ያንኑ ሚሊዮን ተቀብሎ ያንን ያህል ዕቃ ማንሳት አልቻለም። ለመጀመሪያው ዕጣ የሚከፍለው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ሲከፍልም አይታየውም። ስለዚህ የእኔም ዕጣ እንደ ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ከመካከላችን ትንሹ ልጅ ያወጣዋል።

አሁን ደግሞ ከጃቢ ጠህናን ገጠር አሥራ ሁለት ገበሬዎች መጥተዋል። በየወሩ መጣል አይችሉም፤ ገንዘብ የሚያዩት በቆሎው ተፈልፍሎ ሲሸጥ ነው። በዓመት አንዴ፣ በጥር፣ እያንዳንዱ አምስት ኩንታል በቆሎ ጥሎ ስድሳው ኩንታል ለአንዱ ይሁን ይላሉ። በሬ መግዣ፣ ቆርቆሮ መምቻ ይሆነዋል። ዙሩ አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ እስከዚያ ዕድሜ ይስጠኝ። በዓመት አንድ ቀን ለመመዘንና ለመጻፍ ስንት ልጠይቃቸው? አንዱ ሽማግሌ «አንድ ቁና እንስጥህ» አሉኝ። ቁናው ይበቃኛል። ያልተስማማነው ከሦስት ዓመት በኋላ የበላው ገበሬ ማሳውን ተምች ወይም በረዶ ቢመታበት የእርሱን አምስት ኩንታል ማን ይጥላል በሚለው ላይ ነው፤ ለእሑድ ተቀጣጥረናል።