ከጋምቤላ የሚነሳ ጥያቄ

የህብለ ሰረሰር ጉዳት ምርምር ፕሮፖዛል እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው በጀቱን ነው። መግቢያው ሁሌም ያምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሰዎች ህብለ ሰረሰራቸው እንደሚጎዳ መግለጹን ማንም ጽፎ ማስገባት ይችላል። ጸሐፊው ታማሚውን ያውቀው እንደሆነ የሚታወቀው ግን በወጪ ሠንጠረዡ ላይ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ በጥይት የተመታ፣ መኪና የተገለበጠበት፣ ከዛፍ የወደቀ ወይም የአከርካሪ ቲቢ ቀስ በቀስ እግሩን የነሳው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ኢታንግ፣ ወደ አቦቦ፣ ወይም ወደ ስደተኞች ጣቢያ ይመለሳል። ዕጣውን የሚወስነው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ሰው የሚጨርሱት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ «ትራንስፖርት» የሚል አንድ ድፍን መስመር አይበቃም። እኔ ለይቼ አስቀምጣለሁ፦ በበጋ የሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ የባሮ ወንዝ ሲሞላ የጀልባ ኪራይ፣ የኑዌርኛና የአኙዋክኛ አስተርጓሚ አበል፣ ታማሚውን ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሥራ ለቀረበት ቀን ማካካሻ። ቁስል ላገኘንበት ሰው የፋሻና የመድኃኒት ወጪም ራሱን የቻለ መስመር ይሁን። ቁስሉን ለክቶ፣ ፎርም ሞልቶ ዝም ብሎ መሄድ ለእኔ ምርምር አይደለም።

ጥያቄውን መምረጥ ከበጀቱም ይከብዳል። ገንዘብ ሰጪዎቹ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኦስትሪያ ውስጥ የተቋቋመው ዊንግስ ፎር ላይፍ ፈውስ ፍለጋ ላይ ያተኩራል፤ የክሬግ ኒልሰን ፋውንዴሽን በዋናነት የሚደግፈው የአሜሪካና የካናዳ ተቋማትን ነው። ማን ማመልከት እንደሚችል የሚገልጸውን ክፍል ሳያነቡ ወራት የሚደክሙ ጎበዝ ወጣቶች ያሳዝኑኛል። ከዚያ የባሰው ግን ገንዘብ ሰጪው ይወደዋል ብሎ የሌላ አገር ጥያቄ መዋስ ነው።

እዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሞልቷል። ለምሳሌ ሙቀቱ። ጉዳቱ የደረቱ የላይኛው ክፍል ወይም አንገቱ ላይ የሆነ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ እንደ ልብ አያልበውም፤ ሙቀቱን መቆጣጠር ይሳነዋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ቀኑን እንዴት ይውላል? ይህን ከጋምቤላ የተሻለ ሊጠይቅ የሚችል ቦታ ብዙ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢም አለ፦ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ሽባነቱ ሊመለስ ይችላል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ታዲያ ሰው ለምን ጀርባው ጎብጦ፣ እግሩ ከዛለ በኋላ ይመጣል? ጥናቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«ያለ ኤምአርአይ ማን ያምነናል?» የሚሉኝ አሉ። ጉዳቱ ያለበትን ቦታና መጠኑን በክትትል ለመመዘን ዓለም የሚግባባበት ምርመራ የሚፈልገው ጥጥ፣ መርፌ ቁልፍና የሠለጠነ እጅ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 28 ነጥቦች ላይ ስሜት ይፈተሻል፣ የ10 ጡንቻዎች ጉልበት ይለካል፣ ውጤቱም ከኤ እስከ ኢ ይመደባል። ሁለት መርማሪዎች አንድ ታማሚ ላይ ተመሳሳይ ውጤት እስኪያገኙ ድረስ የሚሠለጥኑበትን ሳምንት በጀት ውስጥ አስገቡ፤ ገምጋሚ ከውድ መሣሪያ ይልቅ እሱን ያምናል።

ትብብር ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ አብሮት ነበር፤ በዚያ መንገድ የሠለጠኑ ሐኪሞች ዛሬ ሌሎችን ያሠለጥናሉ። ጋምቤላ የሚገባት አጋርነት እንዲህ ያለ፣ ሰው የሚያፈራ ነው። የጋምቤላ ነርስና የጤና መኮንን በፕሮፖዛሉ ላይ መረጃ ሰብሳቢ ተብለው ብቻ ከሰፈሩ፣ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ስማቸው ከተመራማሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ።