ሳንባ ያለው ኪቦርድ

ፒያሳ ሰው ሲቃጠር «ማህሙድ ጋ» ይባባል ነበር፤ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ማለት ነው። የቀጠረው ቢቀርበት እንኳ ጆሮው አይጾምም። እኔም ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ የለመድኩት እንዲህ ሰው ስጠብቅ ነው። ግጥም ሲጠፋ ጆሮ ጣት መከተል ይጀምራል፤ የኔ ጆሮ የተከተለው የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ነው።

ኃይሉ ደብረ ብርሃን ተወልዶ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። ኪቦርድ ከመንካቱ በፊት አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ጭራው ላይ አንሸራቶ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ሁሉ ያገኛል። ኪቦርድ ላይ ግን በሁለት ቁልፍ መካከል ባዶ ነው። ኃይሉ ወደሚፈልገው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ንክኪው ከማጠሩ የተነሳ ጆሮ ሁለት ድምፅ መሆኑን ይረሳና እንደ ጉሮሮ መርገብገብ ይቀበለዋል። ሐረጉ ሲያልቅ ደግሞ ዝም ይላል፣ የአኮርዲዮን ወናፍ መልሶ እስኪስብ ያህል። ኦርጋን ወናፍ መሳብ አያስፈልገውም። እሱ ግን ይተነፍሳል።

ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ዓመታት ሠራ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ጭፈራ ቤት የገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። አንዱን ዜማ ሳያሰለቹ ማመላለስን ያስተማረው ሌሊቱ ራሱ ይሆናል። እ.አ.አ በ1977 «ቸ በለው» የተባለው አልበም ወጣ፤ በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ የሚጫወቱት ሆኗል። ይገባዋል፤ ለኔ ግን ትልቁ ሥራው እሱ አይደለም።

በ1981 ዋሊያስ አሜሪካ ሲዞር ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ባንድ የለ፣ አጃቢ የለ፣ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያ የጃፓኖቹ ያማሃ ዲኤክስ 7፣ ከሥር የሪትም ማሽን። ማሽኑ እንደ ግድግዳ ሰዓት ፍንክች አይልም። ኃይሉ አይሽቀዳደመውም፤ አኮርዲዮኑን ትንሽ ዘግየት አድርጎ ያስገባና ቀዝቃዛውን ምት ያሞቀዋል። ካሴቱን ደጋግሜ ሰምቼ አንድም የተረፈች ማስጌጫ አላገኘሁም።

ከዚያ ታክሲ መንዳት መጣ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያንን የ«ሸሞንሟናዬ» ካሴት አሳታሚው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

እ.አ.አ በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» አልበም መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» አለ። ፒያኖ ብቻ ነው። የፒያኖ ድምፅ አንዴ ከተመታ መሞት ይጀምራል፤ የሚያቆየው ወናፍም ኤሌክትሪክም የለም። ኃይሉም ሊያቆየው አይታገልም። የመጀመሪያው ድምፅ ሊከስም ሲል ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ያስቀምጥበታል።