ተማሪዎች የዘመሩት ክስ

በዲሴምበር 1979 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው ዘፈን በእኛ በመምህራን ላይ የቀረበ ክስ ነበር። ከሳሹ «ፒንክ ፍሎይድ» የተባለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ ሲሆን፣ ክሱ «አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል፣ ክፍል 2» የተሰኘው ነጠላ ሸክላ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በግንቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ጡብ» እንደ ማለት ይሆናል። ዘፈኑ በእንግሊዝ 5 ሳምንት፣ ከማርች 1980 ጀምሮም በአሜሪካ 4 ሳምንት አንደኛነቱን ይዞ ቆይቷል። ጓዱ የሚታወቀው በረጃጅም ቅንብሮች ነው፤ ከ1968 ወዲህም በአገሩ ነጠላ ሸክላ አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ሥራው ሲጀመር አንድ አንጓና አንድ አዝማች ብቻ ያለው አጭር ቁራጭ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን የዲስኮ ምት እንዲገባበት አደረገ፤ የተቀዳውንም ገልብጦ በመቀጠል እጥፍ አስረዘመው። ሁለተኛውን አንጓ ማን ይዝፈነው? ከስቱዲዮው አቅራቢያ የሚገኘው የኢዝሊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር አለን ሬንሾ 23 ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ድምፃቸው በቴፕ ላይ ደጋግሞ ተደራርቦ የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰልፍ መሰለ። ርእሰ መምህርቷ ግጥሙን ባወቁ ጊዜ ተጨነቁ፤ የለንደን የትምህርት ባለሥልጣናትም ነቀፉት። ትምህርት ቤቱ 1,000 ፓውንድ ተቀበለ። ከዘማሪዎቹ አንዳንዶቹ ግን ካደጉ በኋላ፣ በ2004፣ የድርሻ ክፍያቸውን ለማስከበር ተነሥተዋል።

ሸክላውን ደጋግመን አዳምጠነዋል። የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ግሩም ነው፤ ዘፈኑን ከፍ ያደረገው ግን እርሱ አይደለም። የመጀመሪያውን አንጓ ጎልማሶች ሲዘፍኑት የቆየ ቂም ይመስላል። እነዚያኑ ቃላት ልጆች ሲደግሟቸው ግን ትዝታው ያበቃና ነገሩ አሁን፣ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ የሚደረግ ይሆናል። (ግጥሙ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አሉታ ስለሚደራርብ የእንግሊዝኛ መምህራን ቀይ ቀለም ማንሣታቸው አይቀርም። በሰዋስው ሕግ ብንሄድማ ትምህርት ያስፈልገናል ማለቱ ነው!)

ይህ ቀልድ በደቡብ አፍሪካ እውነት ሆነ። በ1980 ተማሪዎች በዘር የተከፋፈለውንና ለጥቁሮች ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገውን ትምህርት በመቃወም ከክፍል ሲወጡ ይህንኑ ዘፈን ዘመሩት፤ መንግሥቱም በሜይ ወር ሸክላውን አገደ። እነዚህ ልጆች ይጠይቁ የነበረው የተሻለ ትምህርት ነው። መማርን የሚያወግዝ የሚመስለውን ዘፈን የመማር ጥያቄ አደረጉት።

ደራሲው ሮጀር ዋተርስም ቢሆን ትምህርትን በጅምላ እንደማይቃወም በየጊዜው ተናግሯል። ክሱ በልጅነቱ በኬምብሪጅ ባያቸው፣ ሐሳብን በሚያፍኑና ተማሪን በሽሙጥ በሚሸነቁጡ መምህራን ላይ ነው። እኛ የምንነቅፈው አንድ ነገር አለ፤ በግጥሙ ውስጥ ደግ መምህር የለም፤ እንደ ሬንሾ ያለ ሰው በሩን ባይከፍት ኖሮ ግን ያ የልጆች ድምፅ ከየት ይመጣ ነበር?

የሽሙጡን ነገር ግን ልናስተባብል አንችልም። በማሠልጠኛ ተቋማችን የተግባር ትምህርት ስንከታተል አንድ ሠልጣኝ የተሳሳተ መልስ የሰጠን ተማሪ በቀልድ መለሰው። ክፍሉ ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጥነውም ፈገግ አልን። ልጁ እስከ ደወሉ ድረስ ዳግመኛ እጁን አላወጣም። በመገምገሚያው ቅጽ ላይ ለሰሌዳ አጠቃቀም፣ ለድምፅና ለሰዓት አጠባበቅ ቦታ ነበረ። ለዚህ ግን አልነበረም፤ ሠልጣኙም ጥሩ ነጥብ አገኘ።